ባህሩ የማን ቀበሌ ነው?

(ስለ ደቡብ ታይላንድ የባህር ዳርቻ ወረዳዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ብዙዎቻችን ታይላንድን የምናውቃት በባንኮክ በኩል ነው። ለህክምና የሄደ ዘመድ አለን፤ ዕቃ ሊያመጣ የሄደ ጓደኛ አለን። እኔ ዛሬ ከባንኮክ ወደ ታች፣ ወደ ደቡብ ልወስዳችሁ ነው። አገሪቱ እየቀጠነች ሄዳ በሁለት ባህሮች መካከል ወደምትገባበት። በምሥራቅ የታይላንድ ባሕረ ሰላጤ አለ፣ በምዕራብ የአንዳማን ባህር። ደቡቡ 14 ክፍለ ሀገሮች አሉት። ከክፍት ባህር ጋር የማይገናኙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ያላ እና ፓታሉንግ። ፓታሉንግም ቢሆን ትልቁ የሶንግክላ ሐይቅ ዳር ነው ያለችው።

እንግዲህ እዚህ አካባቢ ስለ አስተዳደር የሚያወራ ሰው ስለ ባህር ሳያወራ አይችልም። ሕጉን ሳነበው ግን ጸሐፊዎቹ ያሰቡት የሩዝ ገበሬን ነበር የሚያስብል ነው። መሬት ይለካል፣ መንገድ ይሠራል፣ ቦይ ይጠረጋል። ባህሩ ሲደርስ ሥልጣኑ ያልቃል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ በነዚህ ወረዳዎች ሕዝብ የሚመርጠው አካል በየብስ ላይ እንዲቀር ተደርጓል፤ ሕዝቡ የሚበላው ግን ከውሃው ነው። ብዙው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በመጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ። ትንሽ ይሰለቻል፣ ግን ያለሱ የቀረው አይገባም።

ክፍለ ሀገሩን የሚመራው ገዥ ነው። የሚሾመው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር እንጂ ሕዝብ አይመርጠውም። ከገዥው ሥር ወረዳ አለ፣ በነሱ አጠራር አምፎ። የወረዳው ሹምም ከሚኒስቴሩ ይላካል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ከወረዳው ሥር ታምቦን አለ። የኛን ቀበሌ አስቡ። ከታምቦኑ ሥር መንደር ነው። የመንደሩን አለቃ፣ ፑያይባን የሚሉትን፣ ነዋሪው ይመርጠዋል። ከነሱ መካከል አንዱ የታምቦኑ አለቃ፣ ካምናን፣ ይሆናል። ታዲያ ከ2008 ወዲህ የመንደር አለቃ አንዴ ከተመረጠ 60 ዓመት እስኪሞላው ሊቀመጥ ይችላል። ወርሃዊ ክፍያውም ከመንግሥት ነው። ስለዚህ ዓይኑ ወደ ሰፈሩም ወደ ወረዳው ቢሮም ነው።

በዚያው መሬት ላይ ደግሞ ሌላ መስመር አለ፤ እውነተኛ ምርጫ ያለበት። በየክፍለ ሀገሩ ኦቦጆ የሚባል የተመረጠ ድርጅት አለ። ከተሞች ቴሳባን፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤት፣ አላቸው። ገጠሩ ኦቦቶ አለው፤ የታምቦን አስተዳደር ነው፣ በ1994 በወጣ ሕግ የተቋቋመ። በአገሪቱ በሙሉ እነዚህ የተመረጡ አካላት ከ7,800 በላይ ናቸው። አንድ ታምቦን ውስጥ እንግዲህ ካምናንም አለ፣ የኦቦቶ ፕሬዚዳንትም አለ። ሁለቱም የአካባቢው ተወላጆች ናቸው፣ አንዳንዴ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አንዱ የሚጠራው ከላይ ነው፣ ሌላው የሚጠየቀው ከታች።

ይህ የላይኛው መስመር የቆየ ነው። ልዑል ዳምሮንግ በ1892 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ የየአካባቢው ገዥ ቤተሰቦች ያዙት የነበረውን ሥልጣን እየሰበሰቡ ወደ ባንኮክ አስገቡት። የ1914ቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ እየተሻሻለ ዛሬም ይሠራል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው!

በዚያ ዘመን ከነበሩት ሹማምንት አንዱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ኮው ሲም ቢ። ቻይናዊ ደም ያላቸው ናቸው። አባታቸው ከፉጂያን መጥተው የራኖንግ ገዥ እስከመሆን የደረሱ ሰው ነበሩ። ልጁ የትራንግ ገዥ ሆኑ። በ1893 የክፍለ ሀገሩን መቀመጫ ወደ ካንታንግ፣ ወንዙ ባህር ወደሚገባበት ወደብ፣ አዛወሩት። ንግዱ በመርከብ ነበርና አስተዳደሩም መርከቡ ዘንድ ይሁን ብለው ነው። በታይላንድ የመጀመሪያው የጎማ ዛፍ የተተከለውም እዚያው ካንታንግ በሳቸው እጅ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ ደቡቡን የሞላው ዛፍ ማለት ነው። በ1913 ሞቱ። ከጥቂት ዓመት በኋላ መቀመጫው ከባህሩ ርቆ ወደ መሀል መሬት ተመለሰ። ካንታንግ አሁን አንድ ወረዳ ናት። የባቡሩ ሐዲድ ግን አሁንም እዚያ ድረስ ይሄዳል፣ እዚያም ያልቃል።

አሁን ወደ ውሃው እንግባ።

አንድ ትንሽ ጀልባ ያለው ዓሣ አጥማጅ ለማን ነው የሚያመለክተው? ማረፊያ ድልድይ ከፈለገ የባህር ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አለ። ስለ መረብ ከሆነ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት። ማንግሮቩ (ባህር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ)፣ የባህር ሣሩና ኮራሉ በ2002 የተቋቋመ የባህርና የባህር ዳርቻ ሀብት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። ደሴቱ ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ደግሞ የፓርኮች መሥሪያ ቤት ይመጣል። ሁሉም ባንኮክ ናቸው። ክፍለ ሀገሩ ላይ የዓሣ ሀብት ኮሚቴ አለ፤ ሰብሳቢው ያው የተሾመው ገዥ ነው። ሕዝብ የመረጠው የኦቦቶ ፕሬዚዳንት የቱ ጋ ነው? ጠረጴዛው ላይ ወንበር ቢያገኝ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ሲካዎ ልንገራችሁ። ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ሲካዎ በትራንግ ክፍለ ሀገር ያለች የባህር ዳር ወረዳ ናት። አብዛኛው አስጋሪ ሙስሊም ነው፣ ድሃ ነው። በ1980ዎቹ ማንግሮቩ ለከሰል ይቆረጥ ነበር። ፈቃዱ የሚሰጠው ከላይ ነው፣ ዛፉ የሚጠፋው ከታች። ማንግሮቭ ደግሞ ሽሪምፑም ሸርጣኑም ዓሣውም የሚያድግበት ቦታ ነው። ትላልቆቹ ጀልባዎች ወለሉን በሚጠርግ መረብ እየጎተቱ ይመጣሉ። ከ1972 ጀምሮ ከባህር ዳር 3,000 ሜትር ውስጥ እንዲህ ማስገር ክልክል ነበር። ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የሚያስቆም አልነበረም። ተስፋ የቆረጡት ትንንሾቹም ወደ ፈንጂና ወደ መርዝ ገቡ።

በ1985 ያድፎን የሚባል ማኅበር ተመሠረተ። መሥራቹ ፒሲት ቻርንስኖህ በ2002 ለዚህ ሥራቸው የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሸልመዋል። ማኅበሩ የሄደው በመንደር ነው። ሰዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው ተስማሙ። ከማንግሮቩ ይህን ያህል የጋራ ደን ይሁን አሉ፣ ማንም አይቁረጠው አሉ። ፈንጂና መርዝ ይቁም አሉ። የባህር ሣሩን ተከባከቡ። ሌም ማካም የሚባለው መንደር የጋራ ማንግሮቭ ደን በመንግሥት ዕውቅና እስከማግኘት ደረሰ። ዓሣው ተመለሰ። ዱጎንግ፣ ያ ሣር የሚበላው ትልቅ የባህር እንስሳ፣ ጠፋ ሲባል እንደገና ታየ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኦቦቶ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። መንደሩ ያደረገው ምክር ቤት ሳይኖረው ነው። ሰው በጉዳዩ ላይ ሥልጣን ሲሰማው ምን እንደሚሠራ አዩ? እኔ ስለ አካባቢ አስተዳደር ያለኝ እምነት ከዚህ ነው የሚነሳው፣ ከሕግ መጽሐፍ አይደለም።

ኦቦቶ ከመጣ በኋላ ደግሞ በናኮን ሲ ታማራት ክፍለ ሀገር ያለችውን ታሳላን ተመልከቱ። እዚያ የዛጎል ለቃሚ ጀልባዎች ይመጡ ነበር። የብረት መሣሪያ ወለሉ ላይ እየጎተቱ ያገኙትን ሁሉ ገልብጠው ይሄዳሉ። የታሳላ አስጋሪዎች በአዲሱ የታምቦን ምክር ቤት በኩል የባህር ሀብትን የሚመለከት የአካባቢ ደንብ አስወጡ። ትልቅ ነገር ነው! የታምቦን ምክር ቤት ስለ መንገድ መብራት ብቻ የሚያወራ የነበረ፣ ስለ ባህሩ ደንብ ጻፈ። ጀልባዎቹ ግን የሌላ አካባቢ ናቸው። የሚያስራቸው ፖሊስና የዓሣ ሀብት መኮንን ደግሞ ለታምቦኑ አይታዘዝም። ደንቡ ኃይል ያገኘው አስጋሪው ራሱ ባህር ላይ ወጥቶ ሲጠብቅ ነው።

በ2015 የአውሮፓ ኅብረት ሕገ ወጥ ማስገርን ካላስቆማችሁ ዓሣችሁን አልገዛም ብሎ ታይላንድን በይፋ አስጠነቀቀ። ያን ጊዜ መንግሥት ሥራውን በጥድፊያ ያዘ። አዲስ የዓሣ ሀብት ሕግ ወጣ፣ ማስጠንቀቂያው በ2019 መጀመሪያ ተነሳ። አስጋሪው መንደር ለአሥርት ዓመታት ሲጮህበት የነበረ ነገር ነው። የውጭ ገዢ ሲናገር ነው የተሰማው። ያሳዝነኛል።

ስለ ግንብም ልናገር። የባህር ዳርቻው በብዙ ቦታ ይሸረሸራል። መልሱ ብዙውን ጊዜ ሲሚንቶ ነው። እዚህ ላይ ወቀሳውን ሁሉ ወደ ባንኮክ መላክ አይቻልም። የተመረጡት የአካባቢ አስተዳደሮችም ግንቡን የሚለምኑበት ጊዜ አለ። ፕሮጀክት ገንዘብ ነው፣ ለምርጫም ይታያል። በ2013 ለባህር መከላከያ ግንብ ይጠየቅ የነበረው የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ግንቡ በዛ። ግንብ ባለበት ማዕበሉ ተመልሶ ከጫፉ ያለውን አሸዋ ይወስዳል፤ ጎረቤቱ መንደር ደግሞ በተራው ግንብ ይጠይቃል።

በሶንግክላ ክፍለ ሀገር በሲንጋናኮን ወረዳ ሙዋንግ ንጋም የሚባል ረጅም የአሸዋ ዳርቻ አለ። በ2020 ደረጃ ያለው የኮንክሪት ግንብ ሊሠራበት ተጀመረ። ነዋሪው አሸዋው ላይ ወጥቶ ተቃወመ። ልጆች፣ ሽማግሌዎች፣ አስጋሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ነበሩ። የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ ግንባታውን ለጊዜው አገደው። ጥናቱን የማስቀደም ግዴታ በ2023 ተመልሶ መጣ። ስብሰባ ላይ በተጻፈ ቃለ ጉባኤ የዚያ ዳርቻ ሕዝብ በግንቡ እንደተስማማ ተደርጎ ነበር የሚታየው። ስብሰባ ጠርቶ ፊርማ መሰብሰብና ሰው መጠየቅ አንድ አይደሉም። ይህን እኛም አገር የቀበሌ ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሙዋንግ ንጋም ወደ ደቡብ ስትወርዱ ቻና ወረዳ ትደርሳላችሁ። በግንቦት 2019፣ የወታደራዊው መንግሥት ሊያበቃ ሲል፣ ካቢኔው በቻና ሦስት ታምቦኖች ላይ ትልቅ የኢንዱስትሪ ከተማ ፈቀደ። ስፋቱ ከ2,600 ሄክታር በላይ ነው። ጥልቅ ወደብና የኃይል ማመንጫም ያለበት ነው። የቻና ሰዎች በኩርፊያ ብቻ አልመለሱም። ከባህራቸው ምን ያህል እንደሚያወጡ፣ የት እንደሚሸጥ፣ ስንት ዓይነት ዓሣ እንዳለ ራሳቸው መዘገቡ። ባንኮክ ድረስ ሄደው ከመንግሥት ጽሕፈት ቤቱ ውጭ ተቀመጡ። በታኅሣሥ 2021 ፖሊስ በሌሊት ከ30 በላይ ሰዎችን ያዘ፣ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ከቀናት በኋላ ካቢኔው ሁሉን አቀፍ ጥናት እስኪሠራ ድረስ ሥራው ይቁም አለ። ሴቶቹ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት መጥተው ነው ይህን ያስቆሙት። አቤቱታቸውን የሚቀበል ሥልጣን ያለው አካል ወረዳቸው ላይ ቢኖር ኖሮ እዚያ አስፋልት ላይ ማደር ለምን ያስፈልጋቸው ነበር?

አሁን ገንዘብ። የ1999ኙ የሥልጣን ክፍፍል ሕግ ከመንግሥት ገቢ ውስጥ ለአካባቢ አስተዳደሮች የሚሄደው ድርሻ በ2006 ወደ 35 በመቶ እንዲደርስ አልሞ ነበር። ዓመቱ ሲደርስ ሕጉ ተሻሻለና ከ25 በመቶ በታች አይሁን ተባለ። ሠላሳ አምስቱ እንደ ምኞት ቀረ። ይህ በአገር ደረጃ ነው። የባህር ዳርቻው ግን ሌላ ተጨማሪ ችግር አለበት። በጀት ሲከፋፈል ከሚታዩት ነገሮች ዋናው የተመዘገበው ነዋሪ ቁጥር ነው። ፉኬት ላይ የተመዘገበው ሰው ከ400 ሺህ ትንሽ ይበልጣል። እዚያ የሚሠራው ግን ከሰሜን ምሥራቅ የመጣ የሆቴል ሠራተኛ ነው፣ ከምያንማር የመጣ ግንበኛና አስጋሪ ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ቱሪስት። ቆሻሻው የሁሉም ነው፣ ውሃ የሚጠጣው ሁሉም ነው። በጀቱ ግን የሚያውቀው የተመዘገበውን ነው።

ኮ ሳሙይም እንዲሁ። ወረዳው በሙሉ አንድ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ በ2012 ወደ ትልቁ የከተማ ደረጃ አደገ። የቆሻሻ ማቃጠያው ተበላሽቶ ዓመታት ሲያልፉ ደሴቱ ላይ ቆሻሻው ተራራ ሠራ። ደረጃ ማደግ ስምን ያሳድጋል፣ ማቃጠያ አይጠግንም። የሆቴሎቹ ኩባንያዎች ብዙዎቹ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ሌላ ቦታ ነው፣ ግብራቸውም እዚያ ነው የሚታየው። ኦቦጆው በሆቴል ክፍል ላይ ቢበዛ 3 በመቶ መሰብሰብ ይችላል። ፊ ፊ ደሴት ደግሞ በአስተዳደር ባህር ማዶ ባለው የአኦ ናንግ ታምቦን ሥር ነው። እዚያው ፊ ፊ ባለው በማያ ቤይ ዳርቻ ኮራሉ ሲጎዳ በ2018 የዘጋው፣ በ2022 የከፈተው የፓርኮች መሥሪያ ቤት ነው። መዝጋቱ ትክክል ነበር፣ ሻርኮቹም ተመልሰዋል። ጀልባ ነጂዎቹ ግን ውሳኔው ላይ አልነበሩም።

ያልተመዘገበ ሰው ስል ሌላ የሚያመኝ ነገር አለ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ሱናሚው የአንዳማንን ስድስት ክፍለ ሀገሮች መታ፤ ራኖንግ፣ ፓንግ ንጋ፣ ፉኬት፣ ክራቢ፣ ትራንግ፣ ሳቱን። የታወቀው የሟች ቁጥር ከ5,000 በላይ ነው፣ ግማሽ ያህሉ የውጭ ሰው። ፓንግ ንጋ የባሰባት ናት፤ በተለይ የታኩዋ ፓ ወረዳ። በሱሪን ደሴቶች የሚኖሩ ሞኬን የሚባሉ የባህር ሰዎች ግን ባህሩ ሲሸሽ አይተው ወደ ከፍታ ወጡ። ሽማግሌዎቻቸው ያወረሱት ዕውቀት ነው ያዳናቸው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የዜግነት ወረቀት አልነበራቸውም። ወረቀት የሌለው በታምቦን ምርጫ አይመርጥም፣ በበጀቱም አይቆጠርም፣ የመሬት ካርታ የለውም። ውሃው ከተመለሰ በኋላ ቤታቸው የነበረበትን አሸዋ ባለ ካርታ ነን ያሉ ሰዎች ጠየቁት። በ2010 ካቢኔው የባህር ሰዎቹን ኑሮ ለመጠበቅ ውሳኔ አሳለፈ። ይሁን እንጂ በ2016 በፉኬት ራዋይ ዳርቻ ላይ መንገዳቸውን ሊዘጉ ከመጡ ሰዎች ጋር ተጋጭተው ብዙዎች ቆሰሉ። የካቢኔ ውሳኔ ወረዳው ቢሮ ሲደርስ ይቀዘቅዛል።

ጥቂት ጊዜ ቀርቶኛል፣ ግን ፓታኒን፣ ያላንና ናራቲዋትን ሳላነሳ ብወርድ ንግግሩ ጎዶሎ ይሆናል። እዚያ አብዛኛው ሰው ማላይኛ ተናጋሪ ሙስሊም ነው። ከ2004 ወዲህ በግጭቱ ከ7,000 በላይ ሰው ሞቷል። የጥያቄው ሥር ግን የቆየ የአስተዳደር ጥያቄ ነው። በ1947 ሐጂ ሱሎንግ የሚባሉ የፓታኒ የሃይማኖት መምህር ለመንግሥት ሰባት ጥያቄ አቀረቡ። የመጀመሪያው የደቡቡን አራት ክፍለ ሀገሮች፣ ሳቱንን ጨምሮ፣ የሚያስተዳድር ሰው የአካባቢው ተወላጅ ይሁን፣ ሕዝቡም ይምረጠው የሚል ነው። በዓመቱ ታሰሩ። ተፈትተው በ1954 ደብዛቸው ጠፋ።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ በጥቅምት 25 ቀን 2004 በናራቲዋት የባህር ዳር ወረዳ በታክ ባይ ሰዎች ፖሊስ ጣቢያ ፊት ተሰበሰቡ። የታሰሩት ስድስት የመንደር ጠባቂ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ መንግሥት ራሱ ያስታጠቃቸው የመንደር ሰዎች። የዚያን ቀን 85 ሰው ሞተ። ከነዚህ 78ቱ እጃቸው ታስሮ በወታደር መኪና ላይ ተነባብረው ሲጓዙ ታፍነው ነው የሞቱት። ክሱ የሚቀርብበት ጊዜ በጥቅምት 2024 አለፈ፤ አንድም ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ አልተፈረደበትም። ከታክ ባይ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002፣ የሕዝቡን አቤቱታ ይሰማ የነበረው የደቡብ ድንበር ክፍለ ሀገሮች አስተዳደር ማዕከል በጠቅላይ ሚኒስትር ታክሲን ጊዜ ተዘግቶ ነበር። በ2006 ተመልሶ ተከፈተ። የሚገርመው፣ የቻናን የኢንዱስትሪ ከተማ ሲያራምድ የነበረውም ይኸው ማዕከል ነው።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት እህት ጠየቀችኝ። «ገዥው ቢመረጥ ይህ ሁሉ ይስተካከላል ትላለህ?» አለችኝ። ሁሉ አይስተካከልም። ባንኮክ ገዥዋን ትመርጣለች፣ የራሷ ችግር አላት። የተመረጡ የደቡብ ከንቲባዎችም ግንብ ለምነዋል። የኦቦጆ ወንበር በየክፍለ ሀገሩ በጥቂት ባለጸጋ ቤተሰቦች እጅ ሲዞር ይታያል። ከ2014ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ደግሞ እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ የአካባቢ ምርጫ ሳይደረግ ቆይቷል፤ ሰው የመምረጥ ልምዱ ራሱ ተቋርጦ ነበር።

ከየት ትጀምራለህ ብትሉኝ ግን ከውሃው ነው። ሕጉ የባህር ዳርቻ ውሃ ብሎ የሚጠራው በመደበኛው እስከ 3 የባህር ማይል ድረስ ያለውን ነው። ትንንሽ ጀልባዎች የሚሠሩት እዚያ ነው። ያ ውሃ የታምቦኑ ካርታ ውስጥ ይግባ። ምክር ቤቱ ደንብ ሲያወጣበት መኮንኑ የማስፈጸም ግዴታ ይኑርበት። ማረፊያ፣ ግንብ፣ ወደብ የሚሠራ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይቅረብ። የወረዳው ሹም ከየትም ይላክ፣ ግን ይህን ጠረጴዛ ሳያልፍ ፊርማ አይስጥ። የባህር ሰዎቹ ወረቀት ይሰጣቸውና እነሱም ይምረጡ። ሲካዎ ይህን ያለ ሕግ ጀምራዋለች፣ ታሳላ በደንብ ሞክራዋለች። የቀረው ባንኮክ ያለው ፓርላማ ነው።